ከመሬት በታች ያለው ደንገል

ባለፈው ኅዳር ከባሕር ዳር ብዙም ከማይርቅ የጣና ሐይቅ ዳርቻ ሁለት የአፈር ጓሎችን በፌስታል ይዤ ወደ ቤቴ ተመለስሁ። ሁለቱም የተወሰዱት ከአንድ አዛውንት አርሶ አደር ይዞታ ሲሆን በመካከላቸው ያለው ርቀት ሠላሳ እርምጃ ቢሆን ነው። አንደኛው ጓል ደንገል (ታንኳ የሚሠራበት ረጅም የረግረግ ተክል፣ ፓፒረስ) እስከ አሁን ቆሞ ከሚገኝበት ጥግ የተቆረሰ ነው፤ ሌላው ደግሞ ደንገሉ ከተነቀለ ዓመታት ካለፉትና ውሃው ሲሸሽ ጓያ ከሚዘራበት ክፍል የመጣ ነው። ሁለቱንም በጥላ ሥር ለሁለት ሳምንት ካደረቅኋቸው በኋላ ጎን ለጎን በተቀመጡ ሁለት ባልዲ ውሃዎች ውስጥ ነከርኋቸው። ሥር የሌለው ጓል በውስጡ የታመቀው አየር እየተንቦጫረቀ ሲወጣ ከዳር እየተሸረፈ፣ የያዝሁትን ስኒ ቡና ሳልጨርስ በባልዲው ወለል ላይ የተኛ ጭቃ ሆነ። ሥር ያለው ጓል ግን ጥቂት ጭቃ ከማራገፉና ውሃውን ከማደፍረሱ በቀር በማግሥቱ ጠዋትም ቅርጹን እንደያዘ ነበር። አንሥቼ ስጨምቀው እንደ አሮጌ ፍራሽ ውሃ አወጣ እንጂ አልተበተነም።

የጭቃ ቤት ሲመረግ ያየ ሰው ለዚህ ነገር ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም። መራጊው ጭቃውን ከጤፍ ጭድ ጋር ረግጦ የሚያቦካውና ለቀናት አሳድሮ የሚለጥፈው፣ ጭድ የሌለው ጭቃ ሲደርቅ ስለሚሰነጠቅና ዝናብ ሲያገኘው ስለሚረግፍ ነው። አፈር ሲጫኑት ይችላል፤ ሲስቡት ግን ያለ ብዙ ትግል ይበጠሳል። ጭድና ሥር ደግሞ ለመጫን ደካማ ሆነው ለመሳብ ጠንካራ ናቸው፤ ስለዚህ ሁለቱ ሲዋሐዱ አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሸፍናል። ሥር ከጭድ የሚበልጥበት ነገርም አለ። ሕያው በመሆኑ ሲበጠስ ሌላ ያበቅላል፣ አፈሩ ሲሰነጠቅ ወደ ስንጥቁ ይገባል፣ አዲስ ደለል ሲቀመጥበት ደግሞ ወደ አዲሱ ደለል ይወጣል።

ብዙዎቻችን ዳርቻን የሚይዘው ወፍራም ሥር ይመስለናል። እኔም ለረጅም ጊዜ እንደዚያ ሳስብ ኖሬአለሁ፤ በዚህ ምክንያት የሠራሁትን ስሕተት ወደ ኋላ እመለስበታለሁ። ሥሮች በመሣሪያ እየተሳቡ ሲለኩ ግን ሥሩ ሲቆረጥ በሚታየው ገጽ ስፋት ተሰልቶ፣ ቀጭኑ ሥር ከወፍራሙ ይልቅ ብዙ ጉልበት ይችላል። በዚያ ላይ እንደ አውራ ጣት የወፈረ አንድ ሥር የሚነካው አፈር ጥቂት ነው፤ ያው መጠን ያለው ነገር በመቶዎች በሚቆጠሩ ክሮች ተከፋፍሎ ሲሰራጭ ግን እያንዳንዱ ክር የራሱን አፈር ጨብጦ ስለሚይዝ፣ አንዱን ቁራሽ ለመገንጠል የሚፈልግ ሞገድ ሁሉንም በአንድ ጊዜ መበጠስ ይኖርበታል።

ጣና የሚሸረሸርበትን መንገድ ለመረዳት የሐይቁን ጠባይ ማወቅ ያሻል። ስፋቱ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን ጥልቀቱ ግን በጥልቁ ቦታ እንኳ ከ15 ሜትር እምብዛም አይበልጥም። ከሰዓት በኋላ የሚነሣው ነፋስ በዚህ ሰፊና ክፍት ውሃ ላይ ያለ ከልካይ ተንደርድሮ የሚያመጣው ሞገድ ዳርቻውን ሳይታክት ይመታዋል። የውሃው ከፍታ ደግሞ በአንድ ቦታ የሚቆም አይደለም። በሰኔ መባቻ ዝቅተኛው ደረጃ ላይ ይደርስና ክረምቱ ሲያልቅ፣ በመስከረምና በጥቅምት፣ ከዚያ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ከፍ ብሎ ይገኛል። በመሆኑም ሞገዱ ዓመቱን ሙሉ አንድ መሥመር ላይ አይመታም፤ ዳርቻውን ከላይ እስከ ታች በተራ ይልሰዋል። በምሥራቅ በኩል ያለው የፎገራ ሜዳና በዙሪያው የሚገኙ ብዙ ዝቅተኛ ቦታዎች ጥቁር መረሬ አፈር ናቸው። መረሬ በበጋ እጅ እስኪያስገባ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ደግሞ ያብጣል። የተሰነጠቀው የዳርቻ ቋፍ ውስጥ የመጀመሪያው የሰኔ ዝናብ ሲገባ፣ ሞገድ ከሥሩ የቦረቦረው ክፍል በገዛ ክብደቱ ተቆርጦ በጅምላ ይወድቃል። የአርሶ አደሩ መሬት የሚያልቀው በአብዛኛው እንዲህ በአንድ ሌሊት የአንድ በሬ ርዝመት ያህል እየተቆረሰ ነው እንጂ ጥቂት በጥቂት እየታጠበ አይደለም።

ደንገል በዚህ መካከል የሚሠራውን ሥራ ያየሁት አዛውንቱ በዶማ የቆረጡትን የቋፉን ገጽ ተንበርክኬ ስመለከት ነው። ከላይ ከሰው ቁመት ሁለት እጥፍ በላይ የሚሆነው፣ አራትና አምስት ሜትር የሚደርሰው አረንጓዴ ግንድ የሚነሣው በጭቃው ውስጥ አግድም ከሚሄድ ወፍራም የምድር ግንድ ነው። ይህ አግድም ግንድ ከጎረቤቱ ጋር እየተጠላለፈ አንድ ወጥ ምንጣፍ ይሠራል፤ ከሆዱ ደግሞ እንደ ፀጉር የበዙ ቀጫጭን ሥሮች ወደ ታች ይወርዳሉ። ግራጫው ጭቃ ሲቆረስ በሥሮቹ ዙሪያ የዛገ ብረት የመሰለ ቡናማ ሽፋን ይታያል። እኔ በመጀመሪያ በሽታ መስሎኝ ነበር። ነገሩ ግን ሌላ ነው፤ የረግረግ ተክሎች በግንዳቸው ውስጥ የአየር መተላለፊያ ቀዳዳዎች ስላሏቸው ከላይ የሳቡትን አየር እስከ ሥራቸው ጫፍ ያወርዱታል፣ ከሥሩ የሚያመልጠው ጥቂት ኦክስጅን ደግሞ በአፈሩ ውስጥ የሟሟውን ብረት ያዝገዋል። በቆሎን የመሰለ ሰብል ይህን በበቂ ሁኔታ ማድረግ ስለማይችል ውሃ ባጠገበው አየር አልባ ጭቃ ውስጥ ሥሩ ታፍኖ ይበሰብሳል። ዳርቻውን የሚጠብቀው ተክል የግድ የረግረግ ተወላጅ መሆን ያለበት ለዚህ ነው። ደንገል ብቻውንም አይደለም፤ ወደ መሬቱ ጠጋ ሲባል ፊላና የተለያየ ዓይነት ቄጠማ ይከተሉታል፣ እያንዳንዳቸውም የየራሳቸው የውሃ ጥልቀትና የየራሳቸው የሥር ንብርብር አላቸው።

ከላይ ያለው ግንድ ሥራ የለውም ማለቴ አይደለም። ሞገዱ በግንዶቹ መካከል ሲያልፍ ጉልበቱን ያጣል፤ ጉልበት ያጣ ውሃ ደግሞ የተሸከመውን ደለል ያራግፋል። ጊልገል ዓባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ወደ ሐይቁ ከሚገባው የወንዝ ውሃ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነውን ሲያመጡ፣ ከደጋው የታጠበውን አፈርም አብረው ይዘው ይመጣሉ። ያ አፈር በደንገሉ መካከል ሲያርፍ ሥሩ ከሥር ወጥቶ ይይዘዋል። ስለዚህ ግንዱ ያስቀምጣል፣ ሥሩ ያስራል።

ከሁለቱ ይበልጥ ወሳኙ የትኛው እንደሆነ የሚያሳይ አንድ ሙከራ አለ። በጀርመን አገር ሃኖቨር ከተማ 300 ሜትር የሚረዝም የሞገድ መፈተኛ ቦይ ይገኛል። ተመራማሪዎች ከሰሜን ባሕር ዳርቻ የረግረግ ሣርን ከነአፈሩ እየቆረጡ አምጥተው በቦዩ ውስጥ ካነጠፉት በኋላ የማዕበል ጊዜ ሞገድ ለቀቁበት፤ ውጤቱም እ.ኤ.አ. በ2014 ታተመ። በሣሩ ላይ ሲያልፍ ከቀነሰው የሞገድ ጉልበት ውስጥ እስከ 60 በመቶ የሚደርሰው በተክሉ ምክንያት የቀነሰ መሆኑ ተለካ። እኔን ይበልጥ ያስገረመኝ ግን የሚከተለው ነው፤ ሞገዱ ሲበረታ ግንዶቹ ተጣጥፈውና ተሰብረው ሳለ ከሥራቸው ያለው አፈር እምብዛም ሳይነካ መቅረቱ ታይቷል።

ሥርን ሁሉን ቻይ አድርጎ ማቅረብ ደግሞ ሌላ ስሕተት ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 በአሜሪካ የታተመ ጥናት የባሕር ረግረግ ጠርዝ በሞገድ የመሸርሸሩን መጠን ይበልጥ የሚወስነው የአፈሩ ዓይነት እንጂ በቀጥታ የተክሉ መኖር እንዳልሆነ ተከራክሯል። ይህ ክርክር ጣና ዳር ቆሞ ለሚያይ ሰው እንግዳ አይሆንበትም። ሞገዱ ሥሩ ከሚደርስበት ጥልቀት በታች ያለውን ልል አፈር ካገኘ ከሥር ይቦረቡረዋል፤ ሥር የያዘውም ምንጣፍ እንደ ጣራ ክፈፍ ተንጠልጥሎ ይቆይና በመጨረሻ ከነተክሉ ይገነደሳል። ደንገል ራሱም ምንጣፉ ከወለሉ ሲላቀቅ እንደ ደሴት ተንሳፍፎ ሊሄድ ይችላል፤ በደቡብ ሱዳን በሱድ ረግረግ የሚታዩት ተንሳፋፊ የዕፀዋት ደሴቶች የሚፈጠሩት በዚህ ዓይነት ነው። ከሁለቱ ጥናቶች አንዱን መምረጥ የሚያስፈልግ አይመስለኝም። ተክሉ ለዘመናት ግንዱንና ሥሩን እያበሰበሰ አፈሩን የሠራው ራሱ ስለሆነ የአፈሩ ዓይነትና ተክሉ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ተደርገው ሲቆጠሩ ሁልጊዜ ቅር ይለኛል።

አሁን ወደ ራሴ ጥፋት ልመለስ። ከዓመታት በፊት በሐይቁ ዳር በተዘጋጀ የችግኝ ተከላ ቀን ከጓደኞቼ ጋር ሆኜ፣ ከቋፉ ሁለት እርምጃ በማይርቅ ቦታ፣ በመሥመር ብዙ ባሕር ዛፍ ተክለናል። ጉድጓዱን ለመቆፈር እንዲመቸን ቄጠማውን አስቀድመን መነጠርነው፤ ይህን ስጽፍ አሁንም አፍራለሁ። ዛፎቹ በፍጥነት አደጉ፤ ፎቶግራፍም አነሣናቸው። ከሥራቸው ግን ሣር አልበቀለም፤ መሬቱ በደረቅ ቅጠል የተሸፈነ ጠንካራ ራቁት አፈር ሆነ። ሞገዱ ቋፉን ከሥር ሲቦረቡረው የዛፎቹ ቁመት ራሱ ጠላታቸው ሆነ፤ ነፋስ ጫፋቸውን ሲወዘውዘው ግንዱ እንደ ማንሻ እየሠራ ሥሩን ከነአፈሩ ገነጠለው። አንድ ዛፍ ሲወድቅ ይዞት የሚሄደው መሬት ያለ ዛፍ በዓመት ከሚሸረሸረው የሚበልጥ መሆኑን ያየሁት በዚያን ጊዜ ነው። ከዚያ በኋላ በቦታው ጋቢዮን፣ ማለትም በሽቦ መረብ የታሰረ ድንጋይ፣ ተደረደረ። ቀጥ ብሎ የቆመ ድንጋይ ሞገዱን አይውጠውም፣ መልሶ ይወረውረዋል፤ የተመለሰው ውሃም ከግንቡ እግር ሥር ያለውን አፈር ያጥባል። ከጥቂት ክረምት በኋላ ግንቡ ወደ ፊት ዘመመ፣ ከሁለቱ ጫፎቹ ባሻገርም ውሃው አዲስ ማዕዘን ቆረሰ።

ደንገሉ ከዳርቻው እንዴት እንደሄደ ሲጠየቅ ጣት የሚቀሰረው ብዙ ጊዜ ታንኳ በሚሠሩት የወይጦ ማኅበረሰብ አባላት ላይ ነው። ይህ ፍርድ ትክክል አይመስለኝም። ታንኳ ሠሪ የሚፈልገው ግንዱን ነው፤ ግንዱ በማጭድ ሲታጨድ የምድር ግንዱ በቦታው ስለሚቀር እንደገና ያቆጠቁጣል። እርግጥ ነው፣ ዕረፍት ሳይሰጠው በተደጋጋሚ ከታጨደ የምድር ግንዱ ያጠራቀመውን ምግብ ጨርሶ ይከሳል፤ ሆኖም ሥሩን የሚገድሉት ዋናዎቹ እሳት፣ ማረሻና የከብት ኮቴ ናቸው። የውሃው ከፍታ ለውጥም የራሱ ድርሻ አለው። በዓባይ መውጫ ላይ የጨረጨራ የውሃ መቆጣጠሪያ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ ከተሠራ በኋላ ሐይቁ በተፈጥሮ ጠባዩ ብቻ የሚወጣና የሚወርድ መሆኑ ቀረ። በ2003 እ.ኤ.አ. የዝናብ እጥረትና ለኃይል ማመንጫ የሚለቀቀው ውሃ ተደማምረው የሐይቁ ወለል ከዚያ በፊት ባልታየ ሁኔታ በመውረዱ የመርከብ ጉዞ ተቋርጦ ነበር። ሰፊ የደንገል ቦታ በደረቅ ቀረ፤ በየቦታውም ገበሬው ባሕር ሸሽ መሬቱን ተከትሎ ወደ ውስጥ አረሰ። መሬት ያጠረው ሰው ለም ጭቃ በፊቱ ተገልጦ እያየ እጁን እንዲሰበስብ መጠበቅ ይከብዳል። ውሃው በኋላ ሲመለስ ግን ያገኘው ሥር የሌለው የታረሰ አፈር ነበር።

ስለ እምቦጭ ሳልናገር ባልፍ አንባቢ ይታዘበኛል። እ.ኤ.አ. በ2011 በጣና ላይ መኖሩ ከታወቀ ወዲህ፣ በተለይም በሰሜን ምሥራቁ ዳርቻ፣ ሐይቁን የሸፈነው ይህ ተክል ከሩቅ ለሚያየው ለምለም ረግረግ ይመስላል። ከዳርቻ ጥበቃ አንጻር ግን ከደንገል ጋር የሚያመሳስለው ቀለሙ ብቻ ነው። የእምቦጭ ሥር እንደ ላባ ሆኖ በውሃው ውስጥ ይንጠለጠላል፤ ጥልቀት በሌለው ጭቃማ ጠርዝ ካልሆነ በቀር ከወለሉ ጋር ግንኙነት የለውም። በላዩ የሚያልፈውን ሞገድ ማለዘቡን መካድ አይቻልም፤ ነገር ግን ነፋስ አቅጣጫውን ሲቀይር ተክሉ ተነሥቶ ይሄዳልና ዳርቻው በዚያው ዕለት ራቁቱን ይቀራል። ቆይታው ደግሞ ብርሃን እየከለከለ ከሥሩ ያሉትን ነባር ዕፀዋት ያዳክማል። የዘመቻ ሠራተኞች እምቦጩን ወደ ዳር ሲጎትቱ ቄጠማውንና ፊላውን አብረው ሲነቅሉ በዓይኔ አይቻለሁ፤ አንዱን ወጣት ብጠይቀው «ሁሉም አረንጓዴ ነው፤ እንዴት አድርጌ ልለየው?» አለኝ፤ የምመልስለት አላገኘሁም።

እምቦጭን የሚያፋፋው ከማሳና ከከተማ ታጥቦ የሚመጣው ማዳበሪያና ቆሻሻ መሆኑ በየጊዜው ይነገራል። ይህ ምግብ ሥር ያላቸውን ተክሎችም በሌላ መንገድ ሊጎዳ እንደሚችል ግን እምብዛም አይወሳም። በአሜሪካ በማሳቹሴትስ ግዛት፣ ፕለም አይላንድ በተባለ ቦታ፣ ተመራማሪዎች በባሕር ረግረግ ውስጥ ወዳሉ ጅረቶች ለዘጠኝ ዓመታት ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ሲጨምሩ ቆይተው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2012 አሳተሙ። ሣሩ ከላይ በቁመት ጨመረ፤ ከመሬት በታች ግን የሥሩ መጠን ቀነሰ። ምግቡ ደጃፉ ድረስ የሚመጣለት ተክል ሩቅ እየቆፈረ የሚፈልግበት ምክንያት የለውም። አፈሩን አስሮ የሚይዘው ሥር ሲሳሳ የጅረቶቹ ጠርዝ ተሰነጣጥቆ እየተናደ ወደ ውሃው ገባ። የባሕር ረግረግ ሣርና የጣና ደንገል አንድ ዓይነት ተክል አይደሉም። ቢሆንም ይህን ካነበብሁ ወዲህ የደንገልን ቁመት አይቶ ዳርቻው ደኅና ነው ማለት አልደፍርም፤ አካፋ አስገብቼ ካላየሁ አላምንም።

ጓሎቹን የሰጡኝ አዛውንት ይህን ሁሉ ከእኔ ቀድመው ያውቁ ነበር። «አያ፣ ይህን ደንገል ሲያነሡት ምን ያህል አስቸገረዎት?» ብዬ ጠይቄአቸው ነበር። «ሦስት ሆነን አምስት ቀን ፈጀብን፤ ዶማው አልገባ እያለ እየነጠረ ይመለሳል። ያን ጊዜ ነበር መጠርጠር የነበረብኝ፤ ለእኔ ያልተበገረ ነገር ለውሃውም አይበገርም ነበር። ውሃው መሬቴን መብላት የጀመረው ደንገሉን ከነቀልሁ በሦስተኛው ክረምት ነው፣ ልጄ» አሉኝ። ሦስተኛው ክረምት መሆኑ ትርጉም አለው። የተነቀለ ተክል በአፈሩ ውስጥ ትቶት የሚሄደው የሞተ ሥር ወዲያው አይጠፋም፤ እስኪበሰብስ ድረስ አፈሩን ጥቂት ጊዜ ይይዘዋል። ሰው በመጀመሪያው ዓመት «ነቀልሁት፤ ምንም አልሆነም» ብሎ የሚዘናጋው በዚህ የተነሣ ነው።

በዚያው ኅዳር ከቀረው ጥግ የምድር ግንዱን ከነቡቃያው በክንድ ርዝመት እየቆረጥን፣ ቋፉ በተናደበት በኩል ሃያ ቁራጭ ተከልን። ጊዜውን የመረጡት እርሳቸው ናቸው። ውሃው ከከፍታው መውረድ ሲጀምር ጥልቀት በሌለው ጠርዝ ላይ ከተተከለ ሥሩ የሚሸሸውን ውሃ ተከትሎ ወደ ታች ይወርዳል፤ ውሃው ተመልሶ ከፍ እስኪልም ከግማሽ ዓመት በላይ ዕድሜ ያገኛል። ግንቦት ላይ በዝቅተኛው ውሃ ዳር ቢተከል ግን ገና ሳይጠና የክረምቱ ውሃ ይውጠዋል። ከቋፉ በላይ ባለው ደረቅ ተዳፋት ላይ ደግሞ ሥሩ አግድም ሳይሄድ ቀጥ ብሎ ሦስት ሜትርና ከዚያም በላይ የሚወርደውን የቬቲቨር ሣር በአንድ መሥመር ተከልን፤ ይህ ሣር በአገራችን በጅማ አካባቢ በቡና ማሳዎች ላይ ከታወቀ ቆይቷል። ከውሃው ጋር የሚጋፈጠው ግን ነባሩ ተክል ነው።

በጥር ስመለስ ከሃያው ቁራጭ አሥራ ሦስቱ አቆጥቁጠዋል። አራቱን የጎረቤት ላሞች ግጠዋቸዋል፤ አሁን በእሾህ ታጥሯል። ሦስቱ የት እንደገቡ አልታወቀም። ከቋፉ ጫፍ ሁለት ሁለት ሜትር ገባ ብለን ሦስት የወይራ ካስማዎች ቸክለናል፤ አንዱ ከደንገሉ ጥግ ትይዩ፣ አንዱ ከአዲሶቹ ቁራጮች ትይዩ፣ ሦስተኛው ምንም ካልተተከለበት ክፍል ትይዩ። መስከረም ላይ፣ ውሃው ከፍ ብሎ ሞገዱ የላይኛውን ቋፍ ሲመታ፣ ሜትር ይዤ ተመልሼ ከየካስማው እስከ ጫፉ የቀረውን እለካለሁ። አዛውንቱ ሦስተኛው ካስማ እስከዚያ ድረስ አይቆይም ብለው በአንድ ኪሎ ቡና ተወራርደውኛል፤ እኔም ውርርዱን የተቀበልሁት መሸነፌን እያወቅሁ ነው።